ሻለቃ ጮክ ብሎ ያነባል

ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ከዛሬ ጀምሮ ማስታወሻዬን በወረቀት አልጽፍም። እዚሁ ላፕቶፑ ላይ፣ በምሠራበት የጽሑፍ ኤዲተር ነው የምጽፈው። የእጅ ጽሑፌ ድሮም ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፣ አሁን ደግሞ መስመር እየለቀቀ አስቸገረኝ። የደብተሩ መስመር ቀለሙ ደካማ ስለሆነ ነው። ዘንድሮ ጅጅጋ የሚገባው ደብተር ሁሉ እንዲህ ነው።

ሐረር ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ መጣሁ። ያለኝን እዚህ አልጽፍም። ጠብታ ሰጠኝ፣ ጠዋትና ማታ። አለቀ።

ኤፍሬም ከድሬዳዋ ደወለ። "ምን አሉሽ?" "ደህና ነው አሉኝ።" "ደህና ማለት?" ታናሽ ወንድሜ ሆኖ እንደ አባት ይመረምረኛል። ኔትወርክ የለም ብዬ ዘጋሁበት። ኔትወርክ ነበር።

ጥር 20

ዋበሪ ዛሬም ጀመረኝ። "አክሱ፣ አንቺ ብቻ ለምንድነው በዚህ ጥቁር ነገር የምትሠሪው? እንደ ሰው በዎርድ አትሠሪም?"

የትርጉም ቤቱ ባለቤት እሱ ነው፤ ከመሆኑ በፊት ግን አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን ነን፣ ስለዚህ አልፈራውም። "ወረቀቱ በሰዓቱ ይደርስሃል አይደል? ታዲያ በምን እንደጻፍኩት ምን አገባህ?" አልኩት።

ይህች ጥቁር ኤዲተር ስትከፈት ባዶ ናት። የሚያስፈልጋትን ፕለጊን፣ ማለትም ተቀጥላ ፕሮግራም፣ ፈልጎ፣ አስማምቶ መጫን የባለቤቷ ፈንታ ነው። እኔ ደግሞ በዓመታት ቤቴን ሠርቼባታለሁ። አንዱ ፕለጊን ፋይሉ የሶማልኛ ከሆነ ኪቦርዱን ወደ ላቲን፣ የአማርኛ ከሆነ ወደ ፊደል ይቀይርልኛል። ሌላው ሁለት ፊደል ስጽፍ የአቤቱታ መግቢያውን ሙሉ ያወጣልኛል። ሰሞኑን የጨመርኳቸውም አሉ። አንዱ የምጽፍበትን መስመር ብቻ አብርቶ የቀረውን ያደበዝዛል፣ አንዱ የስክሪኑን ጠቋሚ እንደ ጣት ያወፍረዋል፣ አንዱ ጽሑፉን በጥቁር ላይ ቢጫ ያደርገዋል። ለውበት ነው። ቢጫ እወዳለሁ።

"ፊደሉን እንዲህ አሳድገሽው አንድ ገጽ ላይ ምን ይገባል?" ብሎ ሄደ።

ጥር 26

አዲስ ፕለጊን ጫንኩ። ጽሑፍ ያነባል። አማርኛም ይችላል። ድምፁ ግን ጣሳ ውስጥ ገብቶ ትእዛዝ የሚያነብ መኮንን ነው፤ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሻለቃ አልኩት። አያቴ ከጦሩ ጋር ወደዚህ አገር መጥቶ አሥር አለቃ እንኳን ሳይሆን ነው የሞተው። በቤታችን ሻለቃ ሲገኝ ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ኤዲተሩ ሁለት የፕለጊን ፎልደር አለው። አንደኛው ውስጥ ያስቀመጡት ኤዲተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ ይነሳል። ሁለተኛው ውስጥ ያስቀመጡት ስሙን ጽፈው ካልጠሩት ተኝቶ ይውላል። ሻለቃን ሁለተኛው ውስጥ አስገባሁት። የግድ የሚያስፈልገኝ አይደለም። ሲደክመኝ በኢርፎን ልሰማው ብዬ ነው።

የካቲት 4

ሥራ በዝቷል። አጭር።

አብራኝ የምትሠራው ሂቦ ወንበሯን መተላለፊያ ላይ ትታው ጉልበቴ ተላጠ። "አባዮ ይቅርታ፣ እህቴ ይቅርታ!" ብላ ልትሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ በተነሳች ቁጥር ወንበሯን ጠረጴዛ ሥር ትገፋለች። ገፋ ስታደርገው የሚጮኸው ድምፅ ያናድደኛል።

ሌላም ልማድ አምጥታለች። ወረቀት ስታቀብለኝ ጮክ ብላ፣ "ይኼ የውርስ ነው፣ ይኼ የኪራይ ነው፣ ማህተሙ ከታች በቀኝ ነው" ትላለች። እኔ ማንበብ የማልችል ይመስል። ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ወሬ ግን ታበዛለች።

መብራት ሄደ። ሁሉም ሥራ አቆመ። ቢሮው የሰጠኝ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው እኔ ቀጠልኩ።

የካቲት 7

ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁ።

ዋበሪ፦ "አክሱ ዘንድሮ ዘገየች።"

ሂቦ፦ "ሥራው ስለበዛ ነው።"

ዋበሪ፦ "ስም ትሳሳታለች። ትናንት ዐብዲፈታህን ዐብዲሓኪም ብላ ጽፋለች።"

ሂቦ፦ "እሱን እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ሂቦ አልጻፈችውም። ለምን እንደዋሸች አልገባኝም። ለማንኛውም እንዲህ ዓይነት ስህተት እንዳይደገም ሻለቃን ሙሉ ቀን እጠቀማለሁ። ለጥንቃቄ ያህል።

የካቲት 12

ሻለቃን በየፋይሉ ስሙን እየጻፍኩ መጥራት ሰለቸኝ። ሴቲንጉ ውስጥ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ የአማርኛ ፋይል ሲከፈት ሻለቃ ራሱ ተነስቶ ያንብብ። ሠራ! ከዚያ ፕለጊኖቼንም ሴቲንጌንም በፍላሽ አድርጌ ፊት ክፍል ያለው ማሽን ላይ ገለበጥኩ። የኔ ጽሑፎች የሚታተሙት እዚያ ስለሆነ ሁለት ቦታ የተለያየ ነገር ማስተካከል ጣጣ ነው። አሁን ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆኑ። ጎበዝ ነኝ።

የካቲት 14

ጎበዝ አይደለሁም። ጅል ነኝ። ግን የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

ጠዋት ሰው ሁሉ ኤዶ፣ አክስቴ፣ የሚላቸው ማርዎ የሚባሉ ሴት ከቱሊ ጉሌድ መጡ። የግመል ወተት ነጋዴ ናቸው። ከሟች ባላቸው ወንድም ጋር በአንድ ቢርካ ይካሰሳሉ። ቢርካው የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተሠራ ጉድጓድ ነው፤ እሳቸውና ባላቸው ናቸው ያሠሩት። ክርክሩ እዚህ አልቆ አዲስ አበባ ለሰበር ሊሄድ ስለሆነ አቤቱታው በአማርኛ መጻፍ አለበት።

የኛ አሠራር የታወቀ ነው። ባለጉዳዩ በሶማልኛ ያወራል፣ ዋበሪ ያዳምጥና አሳጥሮ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ባለጉዳዩ አሻራውን ያደርጋል። ሰው ግማሽ ቀን ያወራውን ዋበሪ በሁለት መስመር ይጨርሰዋል፤ በዚህም ይኮራል። የጅጅጋ ሰው ደግሞ አማርኛ ይሰማል፣ ይናገራል፤ ፊደሉን የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። የተማረው በላቲን ነዋ። ስለዚህ የፈረመውን አያውቀውም።

ጽፌ ጨረስኩ። ዋበሪ ሊያትመው ፊት ክፍል ሄዶ ፋይሉን ከፈተ። እዚያ ማሽን ላይ ዘፈን የሚሰማባቸው ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች አሉ።

ሻለቃ ተነሳ! "ለክቡር! ፍርድ ቤት!"

ሰው ሁሉ ደነገጠ። ሻይ የያዘ ሰው ሱሪው ላይ ደፋው። ዋበሪ ኪቦርዱን ይቀጠቅጣል፣ ሻለቃ ግን በተቀጠቀጠ ቁጥር ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ ከኋላ ክፍል እየሮጥኩ ስመጣ በሩ ጋ ተደናቀፍኩ። ልዘጋው ስል ኤዶ ማርዎ እጃቸውን አነሱ።

"ተይው! ይጨርስ። እኔ ፊደል አላውቅም እንጂ ወሬ እሰማለሁ። ይኼ ሰውዬ የኔን ነገር ነው የሚያወራው።"

ሻለቃ ቀጠለ። "ከባለቤቴ ወንድም ጋር! በጋራ! የምንጠቀምበትን ቢርካ! በሚመለከት!"

"በጋራ?" አሉ። "በጋራ ማን አለ?"

ዋበሪ፣ "ኤዶ፣ ያው ነው፣ የአማርኛ አጻጻፍ ነው። እርስዎ በድርቅ ከብቱን ያጠጣል አላሉም?"

"ወላሂ ያው አይደለም! ጂላል ገባ፣ በጋው ከረረ፣ ከብቱ ተጠማ፣ ውሃ ሰጠሁት። የተጠማ ከብት ይከለከላል እንዴ? ውሃ ሰጠሁት እንጂ ቢርካ አልሰጠሁትም። በጋራ ብዬ ከፈረምኩ እኮ እሱ ምን ይከራከራል? እኔው ራሴ ሰጠሁት ማለት ነው!"

ልክ ነበሩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ከአፋቸው እየሰማሁ እንደ አዲስ ጻፍኩት፣ ሻለቃ አነበበ፣ አስደገሙት፣ ከዚያ አሻራቸውን አደረጉ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው፣ "ይኼ ሰውዬ ሐበሻ ነው?" አሉኝ። "ማሽን ነው ኤዶ።" "ማሽን ይሁን፣ አይደብቅም" ብለው ሄዱ።

ዋበሪ ሰው እስኪወጣ ጠበቀ። "ይኼ ምንድነው?"

"ፕለጊን ነው። ለማረሚያ።"

"ለማረሚያ" አለ። አተኩሮ ያየኝ ይመስለኛል። ፊት ክፍል ብርሃኑ ከበሩ ስለሚመጣ የሰው ፊት አይለይም።

የካቲት 15

ሴቲንጉ ሁለቱም ማሽን ላይ እንደሚሠራ እንዴት ረሳሁ? ራሴው አይደለሁ የገለበጥኩት?

ሌላም አለ። "በጋራ" የሚለውን በጣቴ ጽፌዋለሁ። ሻለቃም በኢርፎን አንብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ምንም አልመሰለኝም። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንጽፈው። ስንት ሰው ያላለውን አስፈርመን ይሆን?

የካቲት 22

ኤዶ ማርዎ ወተት ገበያው ላይ አውርተዋል። ሰው እየመጣ፣ "ያ የሚያነበው ሰውዬ አለ?" ይላል። የቆየ ወረቀት የሚያመጡም አሉ። ትናንት አንዱ የተፈራረመውን የኪራይ ውል አስነብቦ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ዋበሪ ስፒከሮቹን ነቅሎ ወሰደ። "አክሱ፣ ይኼ ትርጉም ቤት ነው፣ ሬዲዮ ጣቢያ አይደለም። ሰው በየመስመሩ ይከራከራል፣ ወረፋው መንገድ ደረሰ።"

"የሚፈርሙትን ቢሰሙ ምን አለበት?"

"እስከ ዛሬ ሳይሰሙ የፈረሙት ምን ሆኑ?"

"እሱን እኔም እየጠየቅኩ ነው" አልኩት።

ፊቱን አዞረ። ስሙ ነው የተነካው፤ ይገባኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጎበዝ ስለሆነ የሰውን ሐሳብ ከሰውየው በፊት የሚጨርስ ነው። ቢሆንም ስፒከር ከቤቴ አመጣሁ።

የካቲት 26

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ዛሬ ግን ሰማሁ።

"ዓይኗ ነው እንዴ?" ዋበሪ ነው።

"እኔ ምን አውቃለሁ" ሂቦ ናት።

ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። ሂቦ እናት አለቻት፣ ስለ እሷ ይሆናል።

ኤፍሬም ደወለ። አላነሳሁም።

መጋቢት 3

ሁለቱም ጾም ትናንት አንድ ቀን ገቡ። ሁዳዴም ረመዳንም። ቢሮው ሁሉ ከምሳ ሰዓት በኋላ በትንሽ ነገር ይጣላል።

ጠዋት ስገባ ዋበሪ ሻለቃን ከፊት ማሽን ላይ አጥፍቶታል። በፍላሽ መልሼ ጫንኩት። ከሰዓት ደግሞ አጠፋው። ደግሜ ጫንኩት። እሱ ፎልደሩን ማጥፋት እንጂ ሴቲንጉን ማስተካከል አይችልም፣ ስለዚህ እስኪደክመው እጠብቃለሁ። እልህ ምላጭ ያስውጣል፣ አውቃለሁ። ልዋጠው።

መጋቢት 9

የፈሩት ይደርሳል።

ዋበሪ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። የታተመ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ ሲያደርገው ሰማሁ።

"አንብቢልኝ።"

"ምንድነው?"

"አንብቢዋ።"

አነሳሁት። ወደ መስኮቱ አዞርኩት። መሐሉ ላይ የሆነ ቃል አለ፣ ዳሩ ሁሉ ጭስ ነው። ርዕሱን ፈልጌ አጣሁት። ብርሃኑ ነው ልለው ነበር፣ መነጽሬን ረስቼ ነው ልለው ነበር። ስንት ሰበብ ተዘጋጅቶ ነበር! ድንገት ሁሉም አስጠሉኝ።

"አላየውም" አልኩት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደው።

"ለምን አልነገርሽኝም? አብረን ያደግን አይደለንም? እኔ ባዕድ ነኝ?" ድምፁ ተሰበረ። ይህን አልጠበቅኩም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?"

ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ አስቦበታል። ስልክ ላነሳ፣ ደንበኛ ልቀበል፣ በሩ አጠገብ ወንበር ሊሰጠኝ። "ደመወዝሽ አይነካም፣ ወላሂ።"

"እኔ ደመወዝ ጠየቅኩህ? ሥራዬን ነው የምፈልገው። ጣቶቼ ምን ሆኑ? ሁለቱ ቋንቋዬ ምን ሆነ?"

"አንድ ነገር ቢሳሳት ማን ይጠየቃል አክሱ?"

"እስካሁን ሲሳሳት ማን ተጠየቀ?"

ጠረጴዛውን መታ። "ያንን ጩኸታም ነገር አጥፊና የሰጠሁሽን ወንበር ያዢ። አለበለዚያ..." አልጨረሰውም። ቢጨርሰው ምን ነበረበት።

ኢርፎኔን፣ ስፒከሬንና ፍላሼን ይዤ ወጣሁ። ማሽኑ የሱ ነው፣ ኤዲተሩ ላይ የሠራሁት ቤት ግን የኔ ነው። በሩ ላይ ሂቦ እጄን ያዘችኝ። "ደረጃው ሦስት ነው፣ ሦስተኛው ጠርዙ ተሰብሯል" አለችኝ፣ እንደ ሁልጊዜው ጮክ ብላ። ያኔ ነው የገባኝ። ወንበሩም፣ ወረቀቱም፣ የስሙ ስህተትም። ስንት ጊዜ ተነጫነጭኩባት! እንደ ሕፃን አለቀስኩባት።

ይህን ቤት ባለው አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ነው የምጽፈው። ሐኪሙ ያለኝ ይህ ነው። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ ለመያዝ እንሞክራለን። ይኸው ጻፍኩት።

ለኤፍሬምም ደውዬ ነገርኩት። እሱ ሲያለቅስ እኔ አጽናናሁት። ስለ ሥራው ሲጠይቀኝ፣ "ለቀቅኩ" አልኩት።

መጋቢት 14

ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ዐብዲሓኪም የሚባል ጎረቤት በረንዳው ላይ ቦታ ሰጠኝ። ከዋበሪ ቤት ማዶ ነው፣ እዚያ ሆኖ ይሰማል። ይሰማ።

አሮጌ ላፕቶፔ ላይ ኤዲተሩን እንደ አዲስ ጫንኩ። ከፍላሹ አንድ በአንድ እየመረጥኩ አስገባሁ። ኪቦርድ ቀያሪው ገባ። የአቤቱታ መግቢያው ገባ፤ ዋበሪ ያስለመደንን እንደ "በጋራ" ያለ ማሳጠሪያ ግን ከውስጡ አወጣሁት። ጠቋሚውን የሚያሳድገውን፣ መስመሩን የሚያበራውን፣ ቢጫውን ስደርስባቸው ጣቴ ቆመ። ለውበት ነው ብዬ ስንት ቀን ታገልኩባቸው። ተውኳቸው። አሮጌው ላፕቶፕ ቀለለው፣ እኔም ቀለለኝ። ሻለቃን መጀመሪያ ከሚነሱት ጋር አንደኛው ፎልደር ውስጥ አስገባሁት።

ጠብታዬን በሰዓቱ እያደረግሁ ነው። ሐረርም ለቀጠሮዬ እሄዳለሁ፣ ኤፍሬም ይወስደኛል። ይህን ማንም አስገድዶኝ አይደለም።

ሂቦ ከሥራ ስትወጣ በረንዳዬ ላይ ለማፍጠር ትመጣለች። ቴምር ይዛ። ዋበሪ "ሰው መጣላት?" ብሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ። "ምን አልሽው?" "ወጥተህ እይ አልኩት።"

መጋቢት 18

አልመጣም ነበር፤ ማንም። ሦስት ቀን ዝንብ ሳባርር ዋልኩ። ዋበሪ ልክ ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን ስበላ ነበር።

ዛሬ ግን ሻርማርኬ የሚባሉ ሽማግሌ ከጉናጋዶ መጡ። ኤዶ ማርዎ ናቸው የላኳቸው። አንድ ድርጅት ውስጥ ሾፌር ነበሩ፤ መኪና ተገልብጦ ክንዳቸው ከተጎዳ በኋላ የጡረታ ነገር ተበላሽቶባቸዋል፣ አቤቱታው አዲስ አበባ የሚላክ ነው። በሶማልኛ አወሩ፣ እኔ በአማርኛ ጻፍኩ። አላቋረጥኳቸውም። ሲጨርሱ የበረንዳው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሮ ነበር፤ ማዶም የዋበሪ በር ተከፍቶ አልተዘጋም።

ሻለቃ አነበበ። ስማቸውን አነበበ፣ የሠሩበትን ዘመን አነበበ፣ መኪናው እንዴት እንደተገለበጠ አነበበ። ከዚያ፣ "ክንዴ ከተጎዳ በኋላ! ሥራዬን! ለቀቅኩ!"

"አይደለም" አሉ ሽማግሌው።

"ምኑ አባቴ?"

"እኔ አልለቀቅኩም። መንዳት እችል ነበር። አስወጡኝ።"

ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ቀሩ። እሳቸው "ለቀቅኩ" አላሉም ነበር። ከየት አምጥቼ እንደጻፍኩት አውቃለሁ፤ ለኤፍሬም በስልክ ያልኩት ቃል ነው።

ደመሰስኩትና እንዳሉት ጻፍኩ፦ አስወጡኝ። ከዚያ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ ሻለቃን እንደገና አስነበብኩት።